ማራገቢያው አየር ላይ ነው

ሐምሌ 3

እኔ ሱንዱስ፣ የፈዲላ ልጅ፣ የአበጋር ኡበይድ የልጅ ልጅ፣ የሐይቅ ከተማ ነዋሪ፣ ማንም ሳያስፈራራኝና ሳይደልለኝ፣ በሙሉ ጤንነቴ ሆኜ የሚከተለውን ቃል እሰጣለሁ። የእናቴን የከሰል ማራገቢያ ሰርቄ በጥቁር የጫማ ቀለም ቀብቼዋለሁ። ጸጽቶኛል። በጣም ግን አይደለም።

እናቴ ከጠዋት ጀምራ እየፈለገችው ነው። "እዚህ ቤት ጅን ገብቷል፤ ወላሂ ገብቷል!" እያለች ምድጃውን በካርቶን ክዳን ታራግባለች። እኔም አብሬያት ፈለግኩ። አልጋ ሥር ሳይቀር ገብቼ ፈለግኩ። እንዲህ ከልቧ የምትፈልግ ልጅ የት ይገኛል?

የሰረቅኩት ለትልቅ ጉዳይ ነው። ፈተና ካለቀ ወዲህ እኔ፣ ሳምሪና ምስጋናው በእናቴ ሱቅ ጓሮ፣ ከሳሙና ካርቶኖቹ ጀርባ፣ አንድ አገር እየፈጠርን ነው። አገሩ ካዜሞሪ ይባላል። ጃፓንን ይመስላል እንጂ ጃፓን አይደለም፤ ሐይቁ ውስጥ ዘንዶ ይኖራል፣ ቀበሮዎቹ ሰው ሆነው ገበያ ይወጣሉ። እያንዳንዳችን አንድ ሰው ሆነን እንጫወታለን። ተራኪዋ እኔ ነኝ። ምን እንደገጠማቸው እነግራቸዋለሁ፣ ምን እንደሚያደርጉ እነሱ ይመርጣሉ፣ ያጠራጠረንን የሉዶ ዳይስ ይፈርደዋል።

የካዜሞሪ ትልቁ ነገር ሱሞ ነው። የሱሞ ትግል ስልክ ላይ ያየ ሰው ሁሉ የሚያፈጠው በሬ የሚያካክሉት ታጋዮች ላይ ነው። እኔ ዓይኔ የቀረው መሀላቸው በሚዘለው፣ ሐር በለበሰው ትንሽ ሰውዬ ላይ ነው። ዳኛው! እጁ ላይ ማራገቢያ ይዟል። አንዱ እንደወደቀ ማራገቢያውን ወደ አሸናፊው ይቀስራል። ሁለቱ አንድ ላይ ቢወድቁ እንኳ "አላየሁም" ማለት የለም፤ የግድ አንዱን ማመልከት አለበት። ዋናው ዳኛ ወገቡ ላይ ጩቤ ይታጠቃል፤ "ከተሳሳትኩ በራሴ" ማለት ነው አሉ። ዛሬ ጩቤው ጌጥ ሆኗል፤ ሲሳሳት የሥራ መልቀቂያ ያቀርባል። ደግሞ በክቡ ዙሪያ ጥቁር የለበሱ አምስት ሰዎች ይቀመጣሉ። ዳኛው የተሳሳተ ከመሰላቸው እጃቸውን ያወጣሉ። በቃ፣ እጅ ማውጣት ብቻ።

ጃፓን ውስጥ እነዚህ ዳኞች በሁለት የቤተሰብ ስም ብቻ ይጠራሉ። ሁለት! ስስት ነው። እኔ ለካዜሞሪ ዳኞች ቤተሰብ አበዛሁላቸው። የሃያሴ ቤት ልጆች ገና ሳይራመዱ ሁለት አውራ ዶሮ ፊታቸው ይለቀቅና "ማን አሸነፈ?" ይባላሉ፤ የዘገየ ምሳ የለውም። የኦቶኖ ቤት ዳኞች ዓይናቸውን በጨርቅ አስረው በጆሮ ይፈርዳሉ፤ ተረከዝ ከጭቃው ሲለቅ ይሰማሉ። ሳምሪ ከሃያሴ ቤት የመጣች ኪኩ የምትባል ጀማሪ ዳኛ ናት። ምስጋናው ኢዋ የሚባል ታጋይ ነው፤ እንደ ራሱ ዘገምተኛና ሆዳም።

ዛሬ ኢዋ ትልቁን ትግል ገጠመ። ሁለቱም ታጋዮች ተቃቅፈው አንድ ላይ ከክቡ ወጥተው ወደቁ። ሳምሪ ብድግ ብላ የተቀባውን ማራገቢያ አነሳች። ምስጋናው "ወደኔ! ወደኔ በይ!" ይላል። ልክ ያኔ እናቴ ከፊት ለፊት "ሱንዱስ! ሱቁን ማን ይጠብቅ?" ብላ ጮኸች። ነገ እንጨርሳለን።


ሐምሌ 7

ሳምሪ አልመጣችም። ምስጋናውም። ሐይቁ ላይ ጠብ ነበር ይላሉ። የሷ አባትና የሱ አባት። መቅዘፊያ። ደም።

እናቴ "ዝም ብለሽ ስኳር መዝኚ" አለችኝ። መዘንኩ። ትርፍ መዘንኩ።


ሐምሌ 8

ስኳር ሊገዛ የገባ ሁሉ ወሬ ጥሎ ይወጣል። የሰበሰብኩት ይኸው።

ጋሽ ዝናው፣ የሳምሪ አባት፣ ዓሣ አስጋሪ ናቸው። ጋሽ አንዳርጋቸው፣ የምስጋናው አባት፣ በሞተር ጀልባ ሰውና ዕቃ ያሻግራሉ። የጋሽ አንዳርጋቸው ሞተር የጋሽ ዝናውን መረብ ቆራረጠው። ጋሽ ዝናው "ደንገሉ ዳር ወደ ዘረጋሁት መረብ ምን ልትሠራ መጣህ?" አሉ። ጋሽ አንዳርጋቸው "ጀልባ የሚያልፍበት መሀል ላይ ዘርግተህ!" አሉ። ከዚያ ስድብ፣ ከስድቡ ቀጥሎ መቅዘፊያ። ጋሽ ዝናው ቀኝ ክንዳቸው ተሰብሯል። ወጌሻው "ክረምቱን መረብ አይነኩም" ብሏቸዋል።

እኛን አንድ ዳይስ ለሁለት ስንይዝ "ምነው አትከባበሩም" ብለው የሚመክሩን እነዚህ ናቸው!

አሁን ሳምሪ ከምስጋናው ጋር እንዳትታይ፣ ምስጋናው ከሳምሪ ጋር እንዳይታይ ታዟል። እኔ ከማን ጋር ልታይ? ታጋዮቹ ከክቡ ውጪ እንደወደቁ ናቸው። የኪኩ ማራገቢያ አየር ላይ ነው።


ሐምሌ 12

ሁለቱም ቤት "አበጋር ይዩት" አሉ። አበጋር ማለት አያቴ ናቸው፣ የእናቴ አባት፣ አባባ ኡበይድ። አበጋርነት በምርጫ አይሆን፣ በትምህርት አይሆን፤ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ አስታራቂነት ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም ደም ሲቃባ፣ ድንበር ሲጋፋ እሳቸው ጋ ይመጣል። ከአምባሰል ድረስ መጥተው በሚኒባስ ይወስዷቸዋል። እሳቸው ዱአ ሲያደርጉ ቄሱ አብረው "አሜን" ይላሉ።

እና ዛሬ ሻይ ሳቀርብላቸው አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ትሪው ላይ ልወድቅ ነበር። የዳኛ ዘር ፍለጋ ጃፓን ድረስ የተንከራተትኩት ለምኑ ነው? አንዱ እኛ ሳሎን ተቀምጦ ሻይ ይቀዳል! (ግማሹን ከብርጭቆው ውጪ ነው የቀዱት። ክረምት ነው፣ ቤቱ ጨለማ ነው።)

ስለዚህ ለካዜሞሪ አዲስ ቤት ጨመርኩ። የኡቤዳ ቤት። ከማናቸውም ጋር አይመሳሰልም። የኡቤዳ ዳኛ ማራገቢያው ሁለት ፊት አለው፣ ሁልጊዜ ወደ ሁለቱም ነው የሚቀሰረው። አንዱ ታጋይ ሌላውን ቢያንቀው፣ ቢነክሰው፣ ቢውጠው እንኳ የኡቤዳ ዳኛ ጉሮሮውን ጠርጎ "ሁለታችሁም አጥፍታችኋል" ይላል። ልዩ ኃይሉ "ይደር" ይባላል፤ "ይደር" ብሎ ካወጀ ትግሉ ባለበት ይቆማል፣ ታጋዮቹ አንገት ለአንገት እንደተያያዙ ያድራሉ። የኡቤዳን ቤት የሚያጅቡ አምስት ሽማግሌዎች አሉ። ዋናው ሺታኦ ይባላል፤ ከመዋሸቱ በፊት ይስላል።

ከአባባ ጋር የሚሸመግሉት ጋሽ ሽታው ይሄን ቢያነቡ ይስላሉ።


ሐምሌ 16

ጉድ ነው የዛሬው። ከመጀመሪያው ልጀምር።

የተቆረጠው መረብ አበጋርና ሽማግሌዎች ሳያዩት እንዳይነሳ ተብሎ እዚያው ሐይቁ ላይ ነበር። የመረቡ ጫፍ ላይ ነጭ ጀሪካን ታስሯል፤ ጀሪካኑ ያለበት ቦታ መረቡ የነበረበት ቦታ ነው። ባለጉዳዮቹ ዳግም እንዳይጣሉ እቤታቸው ቀሩ። አባባ፣ ጋሽ ሽታው፣ ቄስ አያሌውና ሌሎቹ ሽማግሌዎች ወደ ዳርቻው ወረዱ። እኔ የአባባን እጅ ይዤ ሄድኩ። መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ነው።

ዳርቻው ላይ ቆምን። ጀሪካኑ ያውና፣ ደንገሉ ሥር፣ ጋሽ ዝናው እንዳሉት። ዝንብ እንኳ ያየዋል። ጀልባ የሚያልፍበት መሀል ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ ነጭ የውሃ ወፍ አንገቷን ቀብራ ተኝታለች።

አባባ ዱላቸውን አነሱ። ወደ ወፏ ቀሰሩ።

"ያውና" አሉ። "መንገዱ መሀል ነው። ዝናውም እውነት የለውም።"

ቄስ አያሌው ወፏን አዩ፣ ጀሪካኑን አዩ፣ ጫማቸውን አዩ። ጋሽ ሽታው ሳሉ። "እንዳሉት ነው፣ አበጋር" አሉ። "እንግዲህ ከታየ መረቡ ይነሳ።" አንዱን ወጣት ልከው ወዲያው አስነሱት። አባባ ፊታቸውን ወደ ከተማ አዙረው መራመድ እንደጀመሩ የመንገዱ መሀል ጀሪካን አንገቱን ከክንፉ ሥር አወጣና በረረ።

ሁላችንም ስትበር አየን። በረረች እኮ! ከዚያ አምስት ሽማግሌ በአንድ መስመር፣ እንደ ተማሪ ሰልፍ፣ ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

የአባባ መነጽር ቆሽሾ ነበር። እነግራቸዋለሁ፣ እጠርግላቸዋለሁ።

ኧረ ግን እነዚያ! ጃፓን ውስጥ አምስቱ ሰዎች ለዚህ አይደል የሚቀመጡት? አንዲት እጅ! እዚህ እጅ የሚወጣው ለምግብ ብቻ ነው!

እኔ ልጅ ነኝ። እኔን ማን ይሰማኛል። ደግሞ እጄ ተይዞ ነበር።


ሐምሌ 18

ተፈረደ። ሁለቱም አጥፍተዋል። ጋሽ አንዳርጋቸው በመምታታቸው፣ ጋሽ ዝናው በጀልባ መንገድ ላይ በመዘርጋታቸው። ጥፋት በጥፋት ተቻችሏል፤ ለስብራቱም ለመረቡም ካሣ የለም። ሁለቱም በሕዝብ ፊት ድንጋይ ተሸክመው ይቅርታ ይጠይቃሉ። መቼ? ቄስ አያሌው "ፍልሰታ ትፈታና" ብለዋል። ይደር ማለት ነው። ኃይላቸውን ተጠቀሙ!

ቃል በቃል የኡቤዳ ቤት። የጻፍኩት ቀልድ ነበር። ማን ፍርድ አድርጉት አላቸው?


ሐምሌ 19

ሳምሪን ወፍጮ ቤት አገኘኋት። ወረፋ ይዛ ነበር፤ ሳያት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"ሳምሪ።"

"የእናንተ ሰውዬ ምን አሉ? አባቴ ውሸታም ነው አሉ አይደል?"

"አባባ እኮ—"

"ክንዱ ተሰብሮ ድንጋይ ተሸከም! በምኑ ይሸከም? በጥርሱ?"

"ለምን ጋሽ ዝናው አይናገሩም? ጀሪካኑ የት እንደነበር—"

"ነገርኩት። ጩህባቸው አልኩት። 'አበጋር አየሁ ካሉ ተሳስተዋል ማለት ነውር ነው፣ በኔ ቤት አይነገርም' አለኝ። ድንጋዩን እሸከማለሁ ይላል።" እህሏን ሳታስፈጭ ተሸከመች። "አይሸከምም። እኔ ነኝ የምሸከምለት። አንቺ ደግሞ ከዛሬ ወዲህ አታውቂኝም።"

"ወፏን አይቻታለሁ" ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ወፍጮው ይጮሃል። ብናገርም አይሰማም ነበር።


ሐምሌ 24

ማራገቢያው ተገኘ። ያገኙት አባባ ናቸው፤ ከካርቶኖቹ ጀርባ ዳዴ እያሉ አወጡትና በሩ ላይ ተቀምጠው ዝንብ ሲያባርሩ ዋሉ። የጫማ ቀለሙ ጨርሶ አልደረቀም ነበር። እናቴ ስትገባ የአባባ ነጭ ጀለቢያ እንደ ሜዳ አህያ መስመር በመስመር ሆኗል፣ ግንባራቸው ጥቁር፣ ጢማቸው ጥቁር። እሳቸው ደስ ብሏቸው ያራግባሉ። "ፈዲላ፣ ማራገቢያሽ ይኸው። እዚሁ ቤት ተቀምጦ ነው ስትፈልጊው የከረምሽው" አሉ።

ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ጥፊ ጠበቅኩ። እናቴ አልተቆጣችም። ማራገቢያውን አየችው፣ አባባን አየቻቸው። ከዚያ ፎጣ አርሳ መጣችና ግንባራቸውን ቀስ አድርጋ ጠረገች። "አልቦዎታል" አለቻቸው። ስለ ቀለሙ አንድ ቃል አልተናገረችም።

ምነው ሳትቆጣኝ ቀረች? ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

(መነጽሩን ጠርጌዋለሁ። ንጹሕ ነው።)


ሐምሌ 27

ጋሽ ሽታውና ቄስ አያሌው ሱቃችን በር ላይ ዝናብ ተጠልለው ነበር። እኔ ከባንኮኒው ሥር ቆጠራ ላይ ነበርኩ። ሰው ባንኮኒ ሥር ጆሮ እንደማይኖር ያስባል።

"እንዴት ብለን፣ ቄስ?" አሉ ጋሽ ሽታው። "አርባ ዘመን ያስታረቀን ሰው። 'ዓይንህ ጠፍቷል' ብለን በአደባባይ?"

"እኔ ሥጋወደሙ ላይ የቆምኩ ሰው ነኝ፣ አይቼ ዝም አልኩ" አሉ ቄስ አያሌው። "ያ ዝናው ድንጋይ ሲሸከም ምን ብዬ ላይ ነው?"

"ለክብር ነው። ለሳቸው ክብር።"

"ለሳቸው ነው ወይስ ለኛ?"

ጋሽ ሽታው ሳሉ። ዝናቡ አባራ፣ ሄዱ።

ክብር! የክብሩን ዋጋ የሚሸከመው ሌላ ሰው ሲሆን ክብር ርካሽ ነው። ንድድ ብሎኛል። ደግሞ ማን ነው "ጠፍቷል" ያላቸው? ደክሟል እንጂ። ክረምት ነው፣ ጭጋግ ነው።


ነሐሴ 2

ምስጋናው ኪሎ ጨው ገዛ። ቤታቸው ጨው ሞልቷል፤ ትናንትም ገዝቷል።

"ጨዋታው ቀረ?" አለኝ።

"ዳኛችን ተቀይማለች።"

ጨውን ከእጅ ወደ እጅ አገላበጠ። "አባቴ ያውቃል" አለ። "መረቡ ደንገሉ ዳር እንደነበር። ዓሣ ለማየት ብሎ ነው ሞተሩን ያስጠጋው። አበጋር መሀል ነው ሲሉ እቤት ገብቶ 'እግዜር ሲያዳላልኝ' ብሎ ሳቀ። ከዚያ እራት አልበላም።"

"ታዲያ ለምን አይናገርም?"

"አንቺ ለምን አትናገሪም?" አለ። ዘገምተኛ የሚባለው ልጅ! "እዚያ ነበርሽ አይደል? እጃቸውን ይዘሽ።"

ጨው ጨርሰናል ብዬ አባረርኩት። ጨዉ እጁ ላይ ነበር።


ነሐሴ 6

ዛሬ የሆነውን ሁሉ እጽፋለሁ፤ እንዳልረሳው ብዬ ሳይሆን ስለተናደድኩ።

ከዝሁር ሰላት በኋላ አባባ ጠሩኝ። "ያ ከካርቶን ጀርባ የምትጫወቱት ምንድን ነው? የምትጮሁት?" አሉ። አስረዳኋቸው። ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም፤ ወገባቸውን ቀና አድርገው አዳመጡ። ስለ ዳኞቹ ቤተሰቦች ስነግራቸው "ከአባት ወደ ልጅ?" አሉ፣ "ወደ ልጅ" አልኩ። "አንብቢልኝ" አሉ።

የሃያሴን ቤት አነበብኩ። የዶሮዎቹን ወደዱት። የኦቶኖን ቤት፣ ዓይናቸውን አስረው በጆሮ የሚፈርዱትን ሳነብ "ይሄኛውን ድገሚው" አሉ። ደገምኩት። "ጥሩ ቤት ነው" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ሌላ ገጽ አነበብኩ።

"አንድ ቤት ዘለልሽ።"

"አልዘለልኩም፣ አባባ።"

"ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ገለበጥሽ።"

ያረቢ! የኡቤዳን ቤት አነበብኩ። ማራገቢያውን፣ "ይደር"ን፣ ሺታኦን። ድምፄ እያነሰ እያነሰ ሄደ። አባባ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አለቀሱ ብዬ ደነገጥኩ። ለካ ሳቅ ነው። እስኪያስላቸው ሳቁ። "ሺታኦ!" ይላሉ። "ሺታኦ!"

ሲረጋጉ "ግን አንድ ነገር አልጻፍሽም" አሉ። "የኡቤዳ ቤት ሰዎች ለምን ወደ ሁለቱም እንደሚያመለክቱ።"

"ለምንድን ነው?"

"ያንቺ ታጋዮች ከወደቁ በኋላ በየቤታቸው ይሄዳሉ። እነዝናው ከወደቁ በኋላ ነገ አንድ ሐይቅ ላይ ናቸው። አንዱን ብቻ አሸናፊ ካልኩት ሌላው እስከ ልጅ ልጁ ይዞት ያድራል።"

ጥሩ መልስ ነው። ጥሩ መልስ ሲሰጡኝ እናደዳለሁ።

"ጩቤውስ?" አሉ።

"ዳኛው ከተሳሳተ... ድሮ ነው፣ አባባ። አሁን ሥራውን እለቃለሁ ይላል።"

"እነዚያ አምስቱስ እጅ ሲያወጡ ዳኛው ይቆጣል?"

"አይቆጣም። ቆሞ ይጠብቃቸዋል። እነሱ ተማክረው የተሳሳተ እንደሆነ ይገለብጡታል።"

"እንዳያፍር አይፈሩለትም?"

"ሥራቸው ነው።"

"ጥሩ አገር ነው" አሉ። ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አገላበጡት። ከዚያ፣ ፊታቸውን ወደኔ ሳያዞሩ፣ "ሐይቁ ዳር የወረድን ቀን አንቺ እጄን ይዘሽ ነበር፣ አይደል?"

"ነበርኩ።"

"እጅሽ ደንገጥ አለ። ዱላዬን ስቀስር።"

ስልክ ተደወለልኝ ብዬ ወጣሁ። ስልኬ ከትናንት ጀምሮ ቻርጅ የለውም። እሳቸው ያ ሁሉ ጆሮ እያላቸው ስልክ እንዳልጮኸ አላወቁም?

አምስቱን ሽማግሌዎች ሳምንታት ሙሉ ሰደብኳቸው። እኔ ስድስተኛዋ ነኝ። ይሄን ጽፌ ልሰርዘው ነበር፤ ይቆይ።


ነሐሴ 12

ሳምሪ በሱቁ በር አለፈች። ድንጋይ ስትመርጥ ነበር አሉ። ትልቁን መርጣለች አሉ። ትንሽ ብትመርጥ ማን ይከለክላታል? ለማበሳጨት ነው። እኔን ለማበሳጨት። ተሳክቶላታል።


ነሐሴ 17

እርቁ ነገ ነው። ከመስጊዱ በታች፣ ሾላው ሥር። እናቴ "ሴት ልጅ እዚያ ምን አላት? ውሃ አድርሰሽ ትመለሻለሽ" አለችኝ።

አባባ ማታ ጀለቢያቸውን አስተኮሱ። ጥቁሩ ቀለም ታጥቦም አልለቀቀም፤ ክንዱ ላይ መስመሩ ይታያል። "ልትነግሪያቸው ይገባል" አልኳት ለእናቴ። "አንቺ ንገሪያቸው" አለችኝ። ስለ ጀለቢያው ብቻ የተናገረች አልመሰለኝም።


ነሐሴ 18

ውሃ አድርሻለሁ። አልተመለስኩም። ከሾላው ኋላ ካለው የድንጋይ ካብ ጀርባ ቁጢጥ ብዬ ነው የምጽፈው። በክፍተቱ ሁሉም ይታየኛል። ጽሑፌ ቢንጋደድ ጉልበቴ ላይ ስለሆነ ነው።

ሰው ብዙ ነው። ሽማግሌዎቹ በግማሽ ክብ። አባባ መሀል። ደብተሬ ላይ የሳልኩት ክብ ይመስላል።

ጋሽ አንዳርጋቸው መጡ። ትከሻቸው ላይ ድንጋይ። ምስጋናው ከኋላቸው፣ መሬት መሬት ያያል።

ጋሽ ዝናው መጡ። ክንዳቸው አንገታቸው ላይ ታስሯል። ድንጋዩን የተሸከመችው ሳምሪ ናት። ማጅራቷ ላይ። "ልጅቱ ምን አጠፋች?" አለ አንዱ። ዝም አስባሉት። ድንጋዩ በእውነት ትልቅ ነው። እግሯ ይንቀጠቀጣል። ወደ ማንም አታይም።

አባባ ዱአ ሊያደርጉ እጃቸውን ዘረጉ። ከዚያ መልሰው አጠፉት።

"ጀመዓው፣ ከመታረቃችን በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ። ሐይቁ ዳር የወረድን ቀን መረቡ የት ነበር?"

ጋሽ ሽታው ሳሉ።

"ሽታው፣ ሳልህን ሰማሁ። የጠየቅኩት መልስህን ነው።"

"እርስዎ እንዳሉት ነው፣ አበጋር።"

"እኔ ያልኩትን እኔ አውቃለሁ። ቄስ አያሌው፣ እርስዎስ?"

ቄስ አያሌው ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። መስቀላቸውን ጨበጡ።

አባባ ዱላቸውን መሬት ላይ አስቀመጡት። ያንን የአባታቸውን ዱላ፣ ማንም እንዲነካው የማይፈቅዱትን፣ አፈር ላይ።

"ዓይኔ ትቶኝ ከሄደ ቆይቷል" አሉ። "ታውቁ ነበር። እኔም እንደምታውቁ አውቅ ነበር። ተቻችለን ኖርን። ዛሬ ግን የምንቻቻለው በዝናው አንገት ነው። አንድ አገር አለ አሉ፣ ዳኛው ሲሳሳት ዙሪያውን የተቀመጡት እጃቸውን የሚያወጡበት። እዚህ እጅ ያወጣ ካለ እኔ አላየውም። በድምፅ ይንገረኝ። ስህተት ከሆነ ይገለበጣል፣ ዱላዬም እዚሁ ይቀራል።"

ጋሽ አንዳርጋቸው ድንጋያቸውን አስተካከሉ። ምስጋናው ቀና ብሎ ዙሪያውን ያያል፤ እኔን ነው የሚፈልገው። እናቴ ከሴቶቹ መሀል ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች።

አምስት ሽማግሌ፣ አሥር እጅ፣ ሁሉም ጭን ላይ። ተነሱ እንጂ! አንዱ እንኳ! ምን ዓይነት እጅ ነው እናንተ ያላችሁ? የኔ እጅ ደግሞ ምን ዓይነት እጅ ነው፣ እነሱን ለመስደብ ይሮጣል፣ ለመነሳት ግን እስክሪብቶ ይዣለሁ ይላል? መነጽሩ አልቆሸሸም ነበር። ጭጋግ አልነበረም። ወፍ ነበረች። ነጭ ወፍ ነበረች፣ አይቻታለሁ፣ በረረች፣ ጀሪካኑ ደንገሉ ሥር ነበር። ሳምሪ በጉልበቷ ልትወድቅ ነው። ገጹ አለቀ። ቀስ ብዬ ልገልብጠው። ወረቀቱ ኮሽ አለ።

አባባ ጆሯቸውን ወደ ካቡ አዞሩ።

"ሱንዱስ!"